ከካሜራው ኋላ የተሰማ ሳቅ

ያን ቅዳሜ ከሥራ ስገባ የባሌን ልጅ ሶፋው ላይ በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት። ላፕቶፑን ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ጉንጯን ትራሱ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላለች። ያመማት መስሎኝ ግንባሯን ነካሁት። ትኩሳት የላትም።

«ምነው እንዲህ ተኛሽ?»

«ማሚ ስለተኛች ነዋ» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል። «እኔ ስተኛ እሷ ቀጥ ትላለች።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በስልክ የተቀረጸ የቆየ ቪዲዮ ነው። ስልኩ እንዴት ተይዞ እንደነበር እንጃ፣ ምስሉ በሙሉ ወደ ጎን ወድቋል። ግድግዳው ወድቋል፣ መስኮቱ ወድቋል፣ አንዲት ሴትም ሳፋ ፊት ለፊቷ አድርጋ ከነሳፋው ወድቃለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷን ቀጥ አድርጋ ለማየት ራሷን አጋድማ ነበር።

እናትየዋ ልጅቷ ገና አፏን ስትፈታ ነው የሞተችው። እኔ የመጣሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከባሌ ጋር የተዋወቅነው ናይሮቢ ውስጥ ባለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ነው። ከልምምድ በኋላ ሁለታችንም ወደ ካሳራኒ የሚሄድ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስለምንይዝ፣ ፌርማታው ጋ ቆመን ስንጠብቅ ወሬ ጀመርን። እሱ መሃል ከተማ ላለ የሐበሻ ምግብ ቤት ዕቃ ገዢ ነው። እኔ እዚያው መሃል ከተማ ሳይበር በሚሉት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ለሰው ወረቀት አትማለሁ፣ የፓስፖርት ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። እንድንጋባ ሲጠይቀኝ ስለ ሟች ሚስቱ አንድ ጊዜ ነገረኝ፤ ታመመች፣ ብዙም አልቆየችም። ከዚያ ወዲያ ስሟን አንስቶ አያውቅም። የሞተች ሴት ጣውንት አትሆንም ብዬ ገባሁ።

«ቆይ ላስተካክልልሽ» አልኳት ልጅቷን።

የቪዲዮ ማጫወቻውን ሴቲንግ ከፈትኩና ምስል የሚያዞረውን ቦታ ፈልጌ አንዴ ተጫንኩት። ቤቱ ተነሣ። ሴትየዋም ተነሥታ ቀጥ አለች። ልጅቷ ከሶፋው ዘልላ ተቀመጠችና አንገቷን በእጇ ያዘችው።

«ኦ ማይ ጋድ! ይቻላል እንዴ? አንቲ፣ ሁልጊዜ እኮ አንገቴን ያመኛል!»

ሁልጊዜ አለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ፎቶና የሰው ወረቀት ሳቃና ውዬ እገባለሁ፤ የዚህችን ልጅ አንገት ግን አላየሁትም። እኔን «አንቲ» ነው የምትለኝ። ያቺን «ማሚ» ነው የምትላት። ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመርነው። ቤቱ ያኔ ይኖሩበት የነበረው ኢስትሊ ያለው አንድ ክፍል ነው። ብርሃኑ ከሴትየዋ ጀርባ ካለው መስኮት ስለሚገባ ፊቷ ጠቁሯል፤ የክፍሉ ጥግ ጭራሽ አይታይም። የቤት ቀሚስ ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ልብስ ታጥባለች። ብዙ ቆንጆ ናት አልልም። እንደኔው ተራ ሴት ናት፤ ፍንጭት አላት። ካሜራው በመሃል ይንቀጠቀጣል። ቀና ትልና ወደ ካሜራው አንድ ነገር ትናገራለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሏ አይሰማም። ከዚያ ዓይኗን ሰበር ታደርግና፣ እጇ አረፋ ስለሆነ፣ ፀጉሯን በእጅ አንጓዋ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ይሄኔ ሳቅ ይሰማል።

የወንድ ሳቅ ነው። ከሆድ የወጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ አበቃ ሲባል እንደገና የሚፈነዳ ሳቅ። ቤቱን ሞላው። ከዚያ ቪዲዮው ቁርጥ አለ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኳት።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። «ዳዲ ነዋ!»

ባሌ መሆኑን አላወቅኩም። አብሬው የምኖረውን፣ በመተኛቱም በመነሣቱም የማውቀውን ሰው ድምፅ አላወቅኩትም። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅማ! የእኔ ባል ሲስቅ በአፍንጫው ነው፤ «እህ» ይላል፤ አለቀ። ጨዋ ነው፣ ያከብረኛል፣ ሻይ ሳቀርብለት ያመሰግነኛል። እኔ ደግሞ የሰውየው ተፈጥሮ ይኸው ነው ብዬ፣ በተፈጥሮው ተጽናንቼ ነበር የምኖረው። ለካ ተፈጥሮው አይደለም።

አንዲት ሴት ዓይኗን ሰበር አድርጋ ፀጉሯን በእጅ አንጓዋ ስትገፋ ነው እንዲህ የሚስቀው።

ከዚያ ቀን በኋላ እህል አልጥም አለኝ። ልጅቷ ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ የምታስቀምጥበትን አውቄያለሁ፤ እሷና አባቷ ገበያ ሲወጡ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብቻዬን እከፍተዋለሁ። ማጫወቻው ሲዘጋ ሴቲንጉን ስለሚረሳው ሴትየዋ ሁልጊዜ ወድቃ ነው የምትጠብቀኝ። አነሣታለሁ። በገዛ እጄ ጣውንቴን ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ ባሌ ሲስቅላት እሰማለሁ። የሳቁን ቦታ ወደ ኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ አደምጣለሁ። አንዴ ፍጥነቱን ቀንሼ በዝግታ ብሰማው ያ ሳቅ የቆሰለ በሬ የሚያጓራ መሰለና ደነገጥኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

እሱን ለማሳቅ ያላደረግኩት የለም። ከሥራ ወሬ ይዤ እገባ ጀመር። አንድ ምሳ ላይ፣ የፓስፖርት ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰውዬ ፈገግ ማለት ክልክል ነው ስለው ሳቁን ለመያዝ ሲታገል ሊፈነዳ እንደደረሰ፣ ከዚያ እኔም እሱም ወረፋ የሚጠብቀውም ሁሉ በሳቅ እንደወደቅን፣ ሰውየውን እያስመሰልኩ ነገርኩት። ልጅቷ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች።

«እንዲህም አለ?» አለና ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። «ብይ እንጂ፣ ቀዘቀዘብሽ።»

በሌላ ቀን ልብስ ሳጥብ ሆን ብዬ በሩን ክፍት አድርጌ፣ እጄ አረፋ እንደሆነ፣ ሲያልፍ ጠብቄ ፀጉሬን በእጅ አንጓዬ ገፋ አደረግኩ። «ሳሙና ዓይንሽ ገባ?» አለኝ። ፎጣ አመጣልኝ። ደግ ሰው ነው። ፎጣውን ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩት። ምን እንዳጠፋ ስላላወቀ ከወደቀበት አንሥቶ አጥፎ አስቀመጠው፤ ይህም የባሰ አናደደኝ።

በዚህ መሃል የልጅቷ አያት፣ የሟች እናት፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቃት እንደምትመጣ ተሰማ። እኔ የማስበው ሴትየዋ የልጇን ቦታ ይዤ ስታየኝ በምን ዓይን እንደምታየኝ ነው። ልጅቷ የምታስበው ደግሞ ቪዲዮውን ነው።

«አያቴ ዓይኗ ደካማ ነው» አለችኝ። «የማሚን ፊት ብራይት አድርጊልኝ፣ አንቲ። ደግሞ አፏና ድምፁ አብረው አይደሉም። አያቴ ኮንፊውዝድ ትሆናለች።»

«እንዴት አብረው አይደሉም?»

«ከንፈሯን እዪዋ! ስታወራ ድምፅ የለም። ከዚያ ዝም ስትል የሆነ ድምፅ አለ።»

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አይቼው ይህን ልብ አላልኩም ነበር። የባሌን ሳቅ ብቻ ነበር የምሰማው።

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ ብርሃኑን ከፍ አደረግኩት፤ ምስሉ እንደ ወተት ነጣ። የጥቁርና የነጩን ልዩነት ሳስተካክለው የሴትየዋ ፊት ቀስ እያለ ከጥቁረቱ ወጣ። ልጅቷ ሻማ እንዳይጠፋበት እንደሚጠነቀቅ ሰው ትንፋሿን ይዛ ታያለች። ጥግ ላይ የነበረው ጨለማም ተገለጠ። ለካ እዚያ ሌላ ሳፋ አለ፤ ከሳፋው አጠገብ ደግሞ ዳይፐር ብቻ ያደረገች ሕፃን ቆማለች።

«አንቲ!» ልጅቷ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «እኔ! እኔ ነኝ!»

ሕፃኗ የሳፋውን ጠርዝ ይዛ አንድ እግሯን ስታነሣ ውሃው ውስጥ በቂጧ ዘፍ አለች። ልክ ያኔ ካሜራው ተንቀጠቀጠ። ካሜራው እዚያ ቦታ ላይ ሲንቀጠቀጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እጁ ደክሞት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያገናኘውን ቦታ አውጥቼ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ድምፅ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ወደፊት ሳብኩት። ልጅቷ ዳኛ ሆነች። «ገና ነው… ገና… ትንሽ… አሁን አለፈ፣ መልሺው… ሳዋ ሳዋ፣ ልክ ነው፣ እዚያው!» የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

ሕፃኗ ውሃው ውስጥ ዘፍ ስትል ሳቁ አብሮ ፈነዳ። ሴትየዋ ዞር ብላ ሕፃኗን አየች፤ ቀና ብላ ወደ ካሜራው አፏን ከፈተች፤ በዚህ ጊዜ ቃሏ ከአፏ ጋር ወጣ።

«ምን ያስገለፍጥሃል! አንሳት እንጂ!»

ለካ ድምፁ ስለሚዘገይ ይህ ቃል ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ነበር ተራው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ልጅቷ እናቷ አንድ ሙሉ ነገር ስትናገር የሰማችው ያን ቀን ነው። ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭና እየሳቀች አለቀሰች።

«በእኔ ነው የሳቀው! ዳዲ የሳቀው በእኔ ነው!»

እኔም ደረቴ ላይ የተጫነኝ ነገር ዘጭ ብሎ ሲወርድ ተሰማኝ። የቀናሁት በተሳሳተ ቦታ ላይ በተቀመጠ ድምፅ ነው። ሰውየው የሳቀው ውሃ ውስጥ በወደቀች ሕፃን ነው፤ ማን አይስቅም! ልጅቷን አቅፌ ራሷን ሳምኳት።

ግን ቪዲዮው አላለቀም ነበር። ሴትየዋ ተቆጥታ ስታበቃ ሳቋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን ሰበረች። ፀጉሯን ገፋች። ሳቁ ከዚያ ቦታ ስለተነሣ አሁን የቀረው ጸጥታ ነው። ውሃ ጠብ ይላል። ካሜራው ወደ ሕፃኗ አልሄደም፤ አይንቀጠቀጥምም። ዝም ብሎ ሴትየዋን ያያታል። ቪዲዮው እስኪቆረጥ ድረስ ያያታል። ከካሜራው ኋላ ያለው ሰው ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።

ሳቁ ይሻለኝ ነበር። ሰው በብዙ ነገር ይስቃል። እንዲህ ዝም ብሎ የሚያየው ግን ብዙ አይደለም።

አያትየዋ መጣች። ቀጭን፣ ነጠላዋን አጥብቃ የምትለብስ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በሩ ላይ እኔን ከልጅቷ አስቀድማ ሳመችኝ። እኔ ግን ገና ምን እንደምትፈልግብኝ ስላላወቅኩ ሰላምታዋን ተጠራጠርኩት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ከበላን በኋላ ልጅቷ ላፕቶፑን ይዛ መጣች። ባሌ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ከወንበሩ ተነሥቶ በረንዳው በር ላይ ቆመ። ያን ቪዲዮ ከቀረጸው ወዲህ አይቶት አያውቅም ነበር።

አስተካክዬ ከፈትኩላቸው። «ምን ያስገለፍጥሃል!» የሚለው ሲመጣ አያትየዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ውይ! የኔው ቁጣ!» አለች። «አባቷን የምቆጣው እንዲህ ብዬ ነበር። የኔው ቃል ነው እኮ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ ቶሎ አለፈችብኝ። ቀስ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል እማማ። ግን ድምፁ ያስጠላል፤ ድምፁን ላጥፋልዎት?»

«አጥፊልኝ። ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ድምፁን አጥፍቼ ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩት። ልጇ በዝግታ ቀና አለች፣ በዝግታ ተቆጣች፣ በዝግታ ዓይኗን ሰበረች። የእጇ አረፋ አንድ በአንድ ሲወርድ ይታያል። አያትየዋ አላለቀሰችም። አገጯን ወደፊት አድርጋ፣ መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው አየች። ቀና ስል ባሌ ከበሩ ላይ የለም። በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

ማጀት ገብቼ ሳህን ሳጥብ አያትየዋ ተከትላኝ መጣች። ያጠብኩትን እየተቀበለች ማድረቅ ጀመረች።

«ይተዉት እማማ፣ እንግዳ ነዎት።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «ቀንቼብሻለሁ።»

የቧንቧውን ውሃ ዘጋሁት።

«ከመጣሁ ጀምሮ አያለሁ። ልጅቷ ውሃ ሲጠማት አንቺን ነው የምትጠራው። ከትምህርት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ የሚፈልገው አንቺን ነው። እዚህ የመጣሁት የልጄን ቦታ ባዶውን ላየው ነበር። ሞልቶ አገኘሁት። በመሙላቱ አምላኬን አመሰግናለሁ። ግን ያቃጥለኛል። አስቀድሜ የሳምኩሽም እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው።»

ለእኔ ደግሞ ያ ቦታ ሞልቶ አያውቅም። እኔ የማየው የእሷን ልጅ ነው፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ስትታይ።

«እኔም በልጅዎ እቀናለሁ» አልኳት። ከአፌ ያመለጠኝ ይመስለኛል።

«በማን? በእሷ?» ትክ ብላ አየችኝ። «በምኗ?»

«ባሌ እንዲያ ስቆልኝ አያውቅም። እንዲያም አይቶኝ አያውቅም።»

የደረቀውን ሳህን እንደገና አደረቀችው። «አብሬያችሁ ስለቆየሁ ጥቂት ጠብ አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ፎጣ እንደወረወርሽበትም ልጅቷ ነግራኛለች። እሱም አንሥቶ እንዳጠፈው። ልጄ ብትሆን ኖሮ ፎጣውን መልሶ ይወረውርባት ነበር። የሚሻለው የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ሳምንት ሰንብታ ሄደች። ባሌና እኔ ሸኝተናት ስንመለስ፣ ቲካ መንገድ ላይ ማታቱው በመኪና ጋጋታ ቆሞ ነበር። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ጠጋ ብሎ ጆሮዬ ላይ ተናገረ።

«እማማ የሆነ ነገር ነገሩኝ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አፍሬ ነበር።

«ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለ። «በሁሉ ነገር እስቅ ነበር። ማታቱ ሲያመልጠኝ እስቅ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ብፈልገው አጣሁት። ለአንቺ ከልክዬ ለእሷ ያስቀመጥኩት እንዳይመስልሽ። እሷም ዛሬ ብትመለስ የምስቅላት አይመስለኝም።»

«ማየቱስ?» አልኩት። «ዝም ብለህ ስታያትስ?»

እዋሻለሁ ብሎ እንዳሰበ አየሁት፣ እንደተወውም አየሁት።

«እወዳት ነበር» አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሙዚቃ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። አመመኝ። እጄን ያዘኝ፤ አልነጠቅኩትም፣ ግን አጥብቄም አልያዝኩትም። እስከ ካሳራኒ እንደዚያው ሄድን። እውነቱን ስለነገረኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በአፍንጫው «እህ» ሲል ውስጡ ሌላ ሳቅ ደብቆብኛል ብዬ አልጠረጥረውም። ያለው ያ ነው። ያለውን ነው የሚሰጠኝ።

ልጅቷ ቪዲዮውን ለማየት በፈለገች ቁጥር እኔን መጥራቷ አልቀረም፤ ማጫወቻው ሁልጊዜ ይረሳዋልና። ምስሉን አዞራለሁ፣ ብርሃኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ ድምፁን ወደፊት እስባለሁ። እየቆየ ይህ ሥራ ደስ ይለኝ ጀመር። «አንቲ፣ ማሚን አስተካክዪልኝ» ስትለኝ ድስቱን ጥጄ ትቼው እሄዳለሁ። ሌላ ሰው እንደማይችለው አውቃለሁ፤ አባቷ እንኳ አይችልም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «ራሴ ልሞክር፣ ቲቸር አሳይታናለች» አለችኝ። አጠገቧ ቆሜ አየኋት። ሴቲንጉን ከፈተች፤ አዞረች፤ ብርሃኑን ከእኔ በተሻለ አስተካከለችው። ድምፁን ስትስብ እንደኔ አልፋ አልተመለሰችም፤ አንዴ ነው ያገኘችው።

«ጎበዝ!» አልኳት።

«ታንክ ዩ አንቲ» አለችና ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ላፕቶፑን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ገፋ አደረገችው።

ማጀት ተመልሼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ከክፍሉ ብቻዋን ስትስቅ ትሰማኛለች፤ ያን ከሆድ የሚወጣ፣ አበቃ ሲባል እንደገና የሚፈነዳ ሳቅ። ከእናቷ ጋር ናት። ቢላዋውን አስቀምጬ ትጠራኝ እንደሆነ ትንሽ ቆሜ አዳመጥኩ።

አልጠራችኝም።